ፕሬዚዳንት ሲከሰስ የዳኛው ድርሻ፦ ለልጄ ምክር

ልጄ፣ የአሜሪካን ፖለቲካ አጥብቀህ እንደምትከታተል አውቃለሁ፤ ደስም ይለኛል። ግን ትቸኩላለህ። የዜናውን ርእስ ታነብና ሆዱን ሳታይ ለአሥር ሰው ትልካለህ። «ፕሬዚዳንቱ ሊከሰሱ ነው» ሲባል ወረዱ ትላለህ፤ «ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም አለ» ሲባል ደግሞ ነጻ ወጡ ትላለህ። ሁለቱም አይደለም። ስለዚህ ረጋ ብዬ በቁጥር ላስቀምጥልህ። ዓ.ም. ካላልኩህ በቀር ዘመኑን በፈረንጆቹ ቁጠረው።

1. መከሰስን ከመውረድ አትደባልቅ። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን የሚከስሰው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ለዚያም ተራ አብላጫ ድምፅ ይበቃል። የሚፈርደው ሴኔት ነው፤ እዚያ ግን ከተገኙት አባላት ሁለት ሦስተኛው «ጥፋተኛ ነው» ማለት አለበት። ሰው ሁሉ ኢምፒችመንት እያለ የሚጠራው የመጀመሪያውን እርምጃ፣ ክሱን ነው። እስከ ዛሬ ሦስት ፕሬዚዳንቶች አራት ጊዜ ተከሰዋል፦ አንድሩ ጆንሰን በ1868፣ ቢል ክሊንተን በ1998፣ ዶናልድ ትራምፕ በ2019 እና በ2021። አንዳቸውም በሴኔት ፍርድ አልወረዱም። ሪቻርድ ኒክሰን በ1974 ምክር ቤቱ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ራሳቸው ለቀቁ። በሴኔት ጥፋተኛ ተብለው የተሻሩት በጠቅላላው 8 ሰዎች ናቸው፤ ስምንቱም ዳኞች ነበሩ። ይህችን ቁጥር ያዝልኝ፣ ወደ ታች ትፈለጋለች።

2. መንገዱ በመኖሩ አትቀልድ። እኛ ያደግነው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ነው። ተረት ብቻም አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማያጠያይቅ መሆኑን ደንግጎ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ኒክሰን ሥልጣን ለቀው በሄሊኮፕተር ከዋይት ሐውስ ሲወጡ እኛ አዲስ አበባ ነበርን። አንድ ወር ከጥቂት ቀን እንዳለፈ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። ኅዳር 14 ቀን ደግሞ ስልሳ ያህል ሰዎች ችሎት ሳይቀርቡ ተረሸኑ። ኒክሰን ከሥልጣን በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ኖሩ፣ መጻሕፍት ጻፉ፣ ስማቸውን ለማደስ ደከሙ። እኛ ዘንድ ለዚያ ጊዜ የተሰጠው ሰው ጥቂት ነው።

በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱ ሲመከርበት ሽማግሌው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያነሡት ነጥብ ይኸው ነበር። መሪን በሕግ የሚጠይቁበት መንገድ ከሌለ የሚቀረው መግደል ነው፤ የተገደለውም ሰው ከነፍሱ ጋር ስሙን የሚያጠራበትን ዕድል ያጣል ነበር ያሉት። መሪ የሚከሰስበት መንገድ ለከሳሹ ብቻ ሳይሆን ለተከሳሹም መዳኛ ነው። ስለዚህ ተናደህ «ይህ ሁሉ ቲያትር ነው» ከማለትህ በፊት ቲያትሩ የሌለበትን አገር አስታውስ።

3. ሹመት ማንሣትንና መቅጣትን ለያይ። የዕድራችሁ ሰብሳቢ በአባላቱ ዘንድ አመኔታ ቢያጣ ማን ያወርደዋል? የወረዳው ፍርድ ቤት አይደለም፤ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ገንዘብ አጉድሎ ከሆነ ደግሞ ከወረደ በኋላም ዳኛ ይጠብቀዋል። አሜሪካኖችም እንዲሁ ለያይተውታል። ሴኔት ጥፋተኛ ያለውን ሰው ማሰር አይችልም፣ ገንዘብም አያስከፍለውም። ከሥልጣን ያነሣዋል፤ ከፈለገም በሌላ ድምፅ ዳግመኛ እንዳይሾም ያግደዋል፤ በቃ። ፕሬዚዳንቱ ለወንጀለኛ ይቅርታ የመስጠት ሥልጣኑም እዚህ አይሠራም፤ በኢምፒችመንት የመጣን ነገር በይቅርታ ማስቀረት አይቻልም።

ለዚህ ነው አንድ ሰው በአንዱ ቤት ነጻ ወጥቶ በሌላው የሚጠየቀው። ክሊንተንን ሴኔት በ1999 ነጻ አላቸው፤ ሁለት ወር ቆይቶ አንዲት የአርካንሶ ዳኛ በቃለ መሐላ የሰጡት ቃል ሐሰት ነበር ብለው ችሎት በመድፈር ጥፋተኛ አደረጓቸው። የፍሎሪዳው ዳኛ አልሲ ሄስቲንግስ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው። በ1983 የጉቦ ክስ ቀርቦባቸው ጁሪው ነጻ ለቀቃቸው፤ በ1989 ሴኔት ከዚያው ጉዳይ ተነሥቶ ሻራቸው። እገዳ ስላልተጨመረባቸው ግን በ1992 ተወዳድረው አሸነፉና በከሰሳቸው ምክር ቤት ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ እስኪሞቱም እዚያው ቆዩ። አየህ፣ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አልተፈረደበትም። ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው የተጠየቀው።

4. «ለምን ፍርድ ቤት አይፈርደውም?» ብለህ ስትጠይቅ፣ ጥያቄው ያኔም ተጠይቆ እንደነበር እወቅ። በ1787 ጉባኤ ላይ ቀደም ብሎ የቀረበው ሐሳብ ፍርዱን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚሰጥ ነበር። ጄምስ ማዲሰንን የሚያህል ሰው ሴኔት ይፍረድ መባሉን ተቃውሟል። በመጨረሻ ግን ሴኔት ላይ ጸና። አሌክሳንደር ሃሚልተን ምክንያቱን በፌዴራሊስት ጽሑፎች ቁጥር 65 ላይ አስረድቷል። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ክስ አገሩን ለሁለት ይከፍላል፤ ያን ሸክም ጥቂት ዳኞች አይችሉትም፤ ሕዝብ የሚያውቀው ሰፊ ጉባኤ ይሻላል። ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ የበለጠ ይጥመኛል። ከሥልጣን የተነሣው ሰው ነገ በወንጀል መደበኛ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ዛሬ ሹመቱን የነጠቁት ዳኞች ነገም በነፍሱና በንብረቱ ላይ ከፈረዱ፣ ሁለተኛው ፍርድ ገና ሳይጀመር አልቋል።

5. ሴኔት የፈረደውን ፍርድ ቤት ይሽረዋል ብለህ ተስፋ አታድርግ። ይህን ነጥብ አስረግጬ እነግርሃለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ስለሆነ።

ዋልተር ኒክሰን የሚባሉ የሚሲሲፒ የፌዴራል ዳኛ ነበሩ፤ ከፕሬዚዳንቱ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። በ1986 ለመርማሪ ጁሪ ዋሽተዋል ተብለው አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ወኅኒ ገቡ፤ ዳኝነቱን ግን አልለቅም አሉ። ወኅኒ ተቀምጠው የዳኝነት ደሞዛቸውን ይበሉ ነበር። የፌዴራል ዳኛ የዕድሜ ልክ ሹመት ስላለው ከኢምፒችመንት በቀር የሚያወርደው የለም። በ1989 ምክር ቤቱ ከሰሳቸው። ሴኔትም 12 አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቁሞ ምስክር አሰማ፤ ኮሚቴው የሰማውን ለሙሉው ሴኔት አቀረበ፤ ሴኔቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ በሆነ ድምፅ ሻራቸው።

ሰውየው ፍርድ ቤት ሄዱ። «ሕገ መንግሥቱ ሴኔት ይፍረድ ይላል እንጂ የሴኔት ኮሚቴ ምስክር ይስማ አይልም፤ ያልሰሙኝ ሰዎች ፈረዱብኝ» አሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ክርክሩ የሚናቅ አልነበረም። በእኛ ባህል እንኳ ነገሩን በጆሮው ያልሰማ ሽማግሌ አይፈርድም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በጃንዋሪ 1993 በሩን ዘጋው። ዋና ዳኛ ዊልያም ሬንኲስት እንዲህ ብለው ጻፉ፤ በቃላቸው ሳይሆን በሐሳቡ ልንገርህ፦ ሕገ መንግሥቱ ይህን ሥልጣን ለሴኔት ብቻ ሰጥቷል፤ እንዴት ይጠቀምበት የሚለው የእኛ ጥያቄ አይደለም። ከዚህም ሌላ አንድ ፕሬዚዳንት በሴኔት ቢወርድና ነገሩ ፍርድ ቤት ቢጎተት፣ አገሩ ለወራት፣ ምናልባትም ለዓመታት መሪው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይከርማል። ዳኛውስ ቢፈርድለት ምን ሊያደርግ ነው? ተተኪውን አስነሥቶ የወረደውን መልሶ ሊያስቀምጥ?

ዘጠኙም ዳኞች ሰውየው ተረትተዋል ባሉት ተስማሙ፤ በምክንያቱ ግን አልተስማሙም። ባይረን ዋይት «ማየትስ እንችላለን፤ አይተንም ሴኔት ልክ ነው» አሉ። ዴቪድ ሱተር ደግሞ ሴኔት ሳንቲም ወርውሮ ቢፈርድ ያን ጊዜ ዝም ማለት ይከብዳል የሚል ቀዳዳ ተዉ። እስከ ዛሬ በዚያ ቀዳዳ ያለፈ ሰው የለም። ጠበቆች በየጊዜው ያነሡታል፤ አንተ ግን እሱን ይዘህ ለሰው ተስፋ አትስጥ።

6. ዳኛ በገዛ ጉዳዩ እንዲፈርድ አትጠይቅ። ያዝልኝ ያልኩህ ቁጥር እዚህ ትመጣለች። የተሻሩት 8 ሰዎች ሁሉም ዳኞች ናቸው ብዬሃለሁ። ኢምፒችመንት በተግባር ከሁሉ በላይ ያገለገለው ዳኞችን ለመቆጣጠር ነው። እንግዲህ ዳኞቹ የዚህ ቁጥጥር የበላይ ሊሆኑ ነው? ሬንኲስት ይህንንም አልሸሸጉም፤ ፍርድ ቤቱ እጁን የሚሰበስብበት አንዱ ምክንያት ይኸው መሆኑን ጽፈዋል። ሥልጣን የቀረበለት ሰው «ይህ ለእኔ አይገባም» ሲል ሁልጊዜ አታይምና፣ ሲሆን ልብ በል።

ነገሩ በሌላም በኩል ይሠራል። በ1804 ምክር ቤቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኛ ሳሙኤል ቼዝን ከሰሰ። ቼዝ ምላሳቸው ያልተገራ፣ ከመንበራቸው ላይ ፖለቲካ የሚሰብኩ ሰው ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ሴኔት ነጻ ለቀቃቸው፤ ከዚያ ወዲህ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ተከሶ አያውቅም። ዳኛ በፈረደው ፍርድ ምክንያት አይሻርም የሚለው ልማድ ከዚያ ጀምሮ ሥር ሰደደ። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ አንድ የፌዴራል ዳኛ ይከሰስልኝ ሲሉ፣ ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ መግለጫ አውጥተው በፍርድ ያልተስማማ ይግባኝ ይላል እንጂ ዳኛ ይነሣልኝ አይልም የሚል መልስ ሰጡ። አንተም የጠላኸው ውሳኔ በመጣ ቁጥር «ይሄ ዳኛ ይባረር» የምትለውን ነገር ተው።

7. ዋና ዳኛው ሴኔት ወንበር ላይ ሲቀመጡ አይተህ ፍርድ ቤት ነው አትበል። ፕሬዚዳንት ሲከሰስ ሰብሳቢው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ናቸው፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ እንዳይሆን ነው፣ አለቃው ቢወርድ ወንበሩን የሚወርሰው እሱ ነውና። ሰብሳቢው ግን አይፈርዱም። በ1868 ዋና ዳኛው ሳልመን ቼዝ ድምፅ እኩል ሲሆን የመለየት መብት አለኝ ብለው ለዩ፤ ሴኔተሮቹ አጉረመረሙ። በ2020 ያው ጥያቄ ለሮበርትስ ቢቀርብ፣ ያልተመረጠ የሌላ ክፍል ሹም የሴኔትን ድምፅ መወሰን አይገባውም ብለው እምቢ አሉ። እኔ የሮበርትስን ወግ እመርጣለሁ። በ2021ዱ ችሎት ደግሞ ትራምፕ ከሥልጣን ወርደው ስለነበር ዋና ዳኛው ጨርሶ አልመጡም፤ ሴኔተር ፓትሪክ ሌሂ ሰበሰቡ።

የወረደን ሰው መክሰስ ይቻላል ወይ የሚለውም ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ1876 የጦር ሚኒስትሩ ዊልያም ቤልናፕ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን የእኛን ተረት የሰሙ ይመስል ከአንድ ሹመት ጥቅም ሲቀበሉ ተገኙና፣ ክሱ ሊመጣ ሰዓታት ሲቀሩት መልቀቂያ ይዘው ሮጡ። ሴኔት ቢለቁም እፈርዳለሁ አለ፤ ሁለት ሦስተኛው ግን አልሞላም። ያንንም ጊዜ መልሱን የሰጠው ሴኔት እንጂ ፍርድ ቤት አልነበረም።

8. ፍርድ ቤቱ እጁ የሚደርስበትን ቦታም አትርሳ። «ዳኞች ከነገሩ የሉበትም» ብለህ ወደ ሌላው ጫፍ እንዳትሄድ። ማስረጃ የእነሱ ቤት ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በቢሯቸው የተቀዳውን ቴፕ አልሰጥም ብለው ነበር፤ የፕሬዚዳንት ምሥጢር ነው አሉ። ጁላይ 24 ቀን 1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ስጡ ብሎ ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉትን ዋና ዳኛ ዋረን በርገርን የሾሟቸው ራሳቸው ኒክሰን ነበሩ። ዘጠነኛው ዳኛ ሬንኲስት በኒክሰን መንግሥት የፍትሕ መሥሪያ ቤት ስለሠሩ ከጉዳዩ ራሳቸውን አግልለዋል። ፍርዱ ስለ ኢምፒችመንት አልነበረም፤ የፕሬዚዳንቱ ረዳቶች ለቀረቡበት የወንጀል ክስ ማስረጃ ይቅረብ ነው ያለው። ቴፑ ሲሰማ ግን የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ሸሿቸው፤ ፍርዱ በተሰጠ በ16ኛው ቀን ለቀቁ።

በ1997 ደግሞ ዘጠኙም ዳኞች ፕሬዚዳንት ከሥራው ውጭ ባደረገው ነገር በፍትሐ ብሔር ሊከሰስ ይችላል ብለው በክሊንተን ላይ ወሰኑ፤ ክሱ የፕሬዚዳንቱን ጊዜ እምብዛም አይሻማም የሚል ግምትም ጨመሩበት። በዚያ ክስ ላይ የተሰጠ ቃለ መሐላ ነው በዓመቱ ፕሬዚዳንቱን ሴኔት ፊት ያቆማቸው። ዳኛ ሕግ ያውቃል እንጂ ነገን አያውቅም።

9. ፍርድ ቤት እስኪናገር ድረስ ፖለቲካው ይጠብቃል ብለህ አታስብ። አንድሩ ጆንሰን በዋናነት የተከሰሱት የጦር ሚኒስትሩን ኤድዊን ስታንተንን ያለ ሴኔት ፈቃድ በማባረራቸው ነው። ፕሬዚዳንቱ እንዳያባርር የሚከለክለው ሕግ ራሱ ሕገ መንግሥታዊ ነው ወይ? የክርክሩ እምብርት ይህ ነበር። ሴኔት 35 ለ 19 ድምፅ ሰጠ፤ ጆንሰን በአንድ ድምፅ ተረፉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያ ሕግ ልክ እንዳልነበረ የተናገረው በ1926 ነው፤ ያውም ስለ አንድ ከሥራ የተባረረ የኦሪገን ፖስታ ቤት ኃላፊ ሲፈርድ በዚያው አልፎ ሂያጅ። 58 ዓመት። ጆንሰን ከሞቱ ግማሽ ምእተ ዓመት አልፎ ነበር።

ዛሬም ቢሆን ፍጥነቱ ብዙ አልተሻሻለም። የዋይት ሐውስ የቀድሞ ጠበቃ ዶናልድ መጋን በኤፕሪል 2019 ቀርበህ መስክር የሚል መጥሪያ ከምክር ቤቱ ደረሳቸው። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆይቶ ቃላቸውን የሰጡት በጁን 2021 ነው። በመካከሉ ፕሬዚዳንቱ ሁለት ጊዜ ተከሰው ሁለት ጊዜ ነጻ ወጥተው፣ በምርጫ ተሸንፈው ቤታቸው ገብተዋል። «ፍርድ ቤቱ ይወስንና ከዚያ እንክሰስ» የሚልህ ሰው ምናልባት ቅን ነው፤ ምናልባትም ጊዜው እንዲያልፍ የሚፈልግ ነው። ሁለቱን የምትለየው ያው ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምን እንደሚል በመስማት ነው። በ2020 የፕሬዚዳንቱ ጠበቆች ሴኔት ውስጥ «ምክር ቤቱ መጀመሪያ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረበት» ሲሉ፣ የዚያው መንግሥት ጠበቆች በሌላ ችሎት «ይህ የፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም» እያሉ ይከራከሩ ነበር።

10. «የእኔ ሥራ አይደለም» ያለህን ሁሉ ነጻ አውጥቷል አትበል። በፌብሩዋሪ 2021 ሴኔት በትራምፕ ላይ 57 ለ 43 ድምፅ ሰጠ፤ ለጥፋተኝነት 67 ያስፈልግ ስለነበር አልሞላም። የሪፐብሊካኑ መሪ ሚች ማኮኔል ጥፋተኛ አይደሉም ብለው ድምፅ ከሰጡ በኋላ ንግግር አድርገው፣ ሰውየው ከሥልጣን ስለወረዱ ከእኛ እጅ ወጥተዋል፤ የቀድሞ ፕሬዚዳንትን የሚጠይቅ መደበኛ ፍርድ ቤት አለ አሉ። የወንጀል ክስ መጣና ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የተከሳሹ ጠበቆች በበኩላቸው ሴኔት አስቀድሞ ጥፋተኛ ካላለው የቀድሞ ፕሬዚዳንት በወንጀል አይከሰስም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2024 ይህን ክርክር ውድቅ አደረገ፤ ነገር ግን በዚያው ውሳኔ 6 ለ 3 ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ ለሠራቸው ሥራዎች ሰፊ ከለላ ሰጠ። ለግል ሥራው ከለላ የለውም። በኖቬምበር ትራምፕ ምርጫውን አሸነፉ፤ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት አይከሰስም የሚለው የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የቆየ አቋም መጣና ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነሣ።

ልጄ፣ ስለ ትራምፕ አንተና እኔ ላንስማማ እንችላለን፤ በዚያ አልጣላህም። መንገዱን ግን ተመልከት። ሴኔት ወደ ፍርድ ቤት ጠቆመ፣ ፍርድ ቤት በሩን አጠበበ፣ የቀረውን ምርጫው ዘጋው። በዚህ ሁሉ ውስጥ «አድርጓል» ወይም «አላደረገም» ብሎ እስከ መጨረሻው የፈረደ ችሎት የለም። እንግዲህ ማንም «ፍርድ ቤት ነጻ ብሎታል» ሲልህ የትኛው ችሎት፣ በየትኛው ጥያቄ ላይ ብለህ ጠይቀው።

11. የአንዱን አገር ሕግ ለሌላው አታልብስ። ቃኘው ጦራችን በዘመተባት በደቡብ ኮሪያ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይከስሳል፤ የሚፈርደው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ነው። በ2004 ሮ ሙ ህዩን ተከሰው ፍርድ ቤቱ ወደ ሥልጣናቸው መለሳቸው፤ ጥፋት አለ፣ ግን ለመውረድ የሚያበቃ አይደለም ብሎ። በ2017 ፓርክ ግን ሄን 8 ለ 0 ተሻሩ። በዲሴምበር 2024 ወታደራዊ አዋጅ ያወጁት ዩን ሱክ ዮልም በኤፕሪል 2025 እንዲሁ 8 ለ 0 ወረዱ። ስለዚህ ኮሪያን አይተህ የአሜሪካ ዳኞች ለምን ፈሩ አትበል፤ አልፈሩም፣ አልተሰጣቸውም።

የእኛም አገር ዳኞች ከዚህ የሚቀራረብ ወሰን አላቸው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም የመጨረሻው ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ ያቀርብለታል፤ ጉባኤውን የሚሰበስቡት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው። ይበጃል አይበጅም የሚለው ሌላ ቀን ቡና ጠጥተን የምንከራከርበት ነው።

12. ጥያቄህን ለሚመለከተው ሰው አቅርብ። ይህ ሥልጣን ለተመረጡ ሰዎች የተሰጠው ቢሳሳቱ የሚጠይቃቸው መራጭ ስላለ ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ 435 አባላት በየሁለት ዓመቱ ሁሉም ይመረጣሉ፤ ከ100ው ሴኔተሮችም ሲሶው አብሮ ይመረጣል። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ የምትኖር ከሆነ ችግር አለብህ፤ የዋና ከተማው ነዋሪ ሴኔተር የለውም፣ ምክር ቤት የላከውም እንደራሴ በመጨረሻው ድምፅ አይቆጠርም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ከሆንክና ዜግነት ከያዝክ ግን አንድ ተወካይና ሁለት ሴኔተር አሉህ። አዲስ አበባ ሆነህ የምታነበኝ ከሆነ ይህን ለእዚያ ዘመድህ ላክለት። ለመራጭነት ተመዝገብ፤ ተወካይህ ባለፉት ክሶች ላይ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ፈልገህ አግኝ፤ ካልተስማማህ ጻፍለት፣ በስልክም አግኘው። የወረዳህን ተወካይ ስም ሳትይዝ ግን ስለ ዋና ዳኛው ልትከራከረኝ አትምጣ።